ለኢንጂነር ነመራ፣ ስለ ግራና ቀኙ አምስት ሜትር

ግንቦት 2017 ዓ.ም.
መቱ

ለክቡር ኢንጂነር ነመራ ጉቱ
የመቱ፣ የኡካ፣ የኖፓና የሌሎችም የኢሉባቦር ከተሞች ፕላን አባት
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ምስጋና ስለማቅረብ፣ እንዲሁም ምስጋናው ሲያልቅ የሚተርፈውን ስለማስታወስ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ጤናዎ እንደ ፎቶግራፍዎ ያማረ፣ እንቅልፍዎም እንደ ሥራ ዘመንዎ የተሳካ እንዲሆን እመኛለሁ። እኔ ለአላህ ምስጋና ይግባውና ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ጉልበቴም ቢሆን የሚያመኝ ቆሜ ሰው ሲያመሰግንዎት ስሰማ ብቻ ነው፤ ያ ደግሞ በዚህ ሰሞን በቀን ከስድስት ጊዜ አይበልጥም።

«እርስዎ» በማለቴ እንዳይገረሙ። በ1998 ዓ.ም. የሃያ ስድስት ዓመት ወጣት ሆነው ወደ መቱ ሲመጡ እኔ «አንተ» እያልኩ፣ እርስዎም «ጋሼ» እያሉ በሰላም ኖረናል። ነገር ግን ባለፈው ወር ፎቶዎ በትልቅ ሸራ ታትሞ አደባባዩ ላይ ከተሰቀለ ወዲህ፣ ቁመቱ ሁለት ሜትር ከሃምሳ የሆነን ሰው «አንተ» ማለት አልሆንልህ አለኝ። ቁመቱን ራሴ ለክቼዋለሁ፤ ጫማውን ሳይጨምር ነው።

ደብዳቤው ግልጽ ደብዳቤ ስለሆነ፣ ለማያውቁኝ አንባቢዎች፣ ሙከሚል ታጁዲን እባላለሁ። በመቱ ገበያ ዳር ከባለቤቴ ከመስቱራ ጋር ልብስ የምሰፋ ሰው ነኝ። ቀለም የቆጠርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው፤ የቀረውን የተማርኩት የተበላሸ ልብስ እየፈታሁ፣ ሰፊው የት ላይ እንደተሳሳተ እየፈለግሁ ነው። ከተማንም የማየው እንዲሁ ነው፤ ስለዚህ ኢንጂነር ነመራን ገና ሲመጡ ጀምሮ በቅርብ ተከታትያቸዋለሁ። አንዳንድ ክፉ ሰዎች ይህን «ቅናት» ይሉታል። እውነታቸውን ነው።

አሁን የመጻፌን ምክንያት ላስረዳ። ክቡርነትዎ ወደ ከፍተኛ ሹመት በመሄድዎ የፕላን ቢሮው የክብር ሽኝት እያዘጋጀ ነው፤ የሥራ ታሪክዎን የሚዘክር መጽሔትም ይታተማል። በዚያው ሳምንት ደግሞ የገበያው መንገድ ይሰፋል፤ የሱቄ ግማሽ ላይም ቀይ ምልክት ተቀብቷል። የቢሮው ልጅ ዱሬቲ፣ እግዜር ይስጣትና፣ ሁለቱንም ጉዳይ በአንድ ጉዞ ጨርሳ በስፌት መኪናዬ ላይ ሁለት ወረቀት አስቀምጣልኝ ሄዳለች።

አንደኛው ወረቀት ፎርም ነው። «የሠራሁት በመንገዱ መጠባበቂያ ላይ መሆኑን ባለማወቅ ነው» ብሎ የፈረመ ሰው በአዲሱ የሱቆች ረድፍ ምትክ ቦታ ያገኛል። እያወቀ የሠራ ግን በራሱ እጅ አፍርሶ ዝም ይላል። ሁለተኛው ባዶ ወረቀት ነው፤ ስለ ኢንጂነሩ ሥራ ምስክርነት ያለው ሰው ጽፎ ቢያመጣ በመጽሔቱ ላይ ይወጣለታል። ሁለቱም እስከ ዓርብ መግባት አለባቸው።

ችግሩ ምን መሰለዎት፣ ክቡር ሆይ። እኔ ምስክርነት ልስጥ ካልኩ፣ እርስዎን በአገሩ ሁሉ ያስከበረዎት የመንገድ ዳር መጠባበቂያ፣ ያ ግራና ቀኙ ባዶ የሚቀር አምስት አምስት ሜትር፣ ከእኔ ሱቅ የወጣ ሐሳብ ነው ብዬ ነው የምጽፈው። ይህን የጻፈ ሰው ደግሞ «መጠባበቂያ የሚባል ነገር ሰምቼ አላውቅም» ብሎ ሊፈርም አይችልም። ዱሬቲም ነገሩ ገብቷት፣ «ጋሼ፣ እኔ ወረቀት አመላላሽ ነኝ፤ ግን አንዱን ከሞሉ ሌላውን ባያዩት ይሻላል» አለችኝ። ስለዚህ ሱቄን ወይም ስሜን እስክመርጥ ድረስ፣ ምስጋናዬንና ቅሬታዬን በተራ ቁጥር እንዳቀርብ ይፍቀዱልኝ።

1ኛ. ስለ ወንዙ አመሰግናለሁ።

በሬዲዮ ቀርበው የመጠባበቂያው ሐሳብ እንዴት እንደመጣልዎ ሲጠየቁ፣ «አንድ ቀን በሶር ወንዝ ዳር ተቀምጬ፣ ውሃው ሲሞላ የሚሰፋበት ዳር እንዳለው አስተዋልኩ» ማለትዎን ሰምቻለሁ። በጣም የሚያምር ንግግር ነው፤ ብረቱን አስቀምጬ ነው ያዳመጥኩት፤ የሰው ሸሚዝ ተቃጠለብኝ።

እኔ የማስታውሰው ግን ትንሽ ይለያል። ነሐሴ 1998 ነበር። ችካል ሲተክሉ ሱሪዎ በአጥር ሽቦ ተቀዶ፣ በዝናብ በስብሰው፣ የተጠቀለለውን ፕላን በጃኬትዎ ሸፍነው ወደ ሱቄ ገቡ። ሱሪዎን እስክጠቅም ድረስ የመስቱራን ወንድም ሽርጥ ታጥቀው ከመጋረጃው ኋላ ተቀመጡ። የመቱን የወደፊት ሃምሳ ዓመት በሽርጥ ሆነው ሲያስቡ ያየ ሰው ቢኖር እኔ ብቻ ነኝ። ያኔ አንዲት የተማሪ ሱሪ አንስቼ የእግሯን እጥፋት ገልብጬ አሳየሁዎት። «አየህ ነመራ፣ ሦስት ጣት ጨርቅ ወደ ውስጥ ታጥፏል። ልጁ ያድጋል፣ ጨርቁ አያድግም። በሚቀጥለው ዓመት እጥፋቱን እንለቀዋለን፤ ያለዚያ እናትየው አዲስ ሱሪ ልትገዛ ነው። የእናንተ መንገድ እጥፋቱ የታለ?» አልኩዎት። እርስዎም ስቀው፣ «ጋሼ፣ ከተማ ሱሪ አይደለም» አሉኝ።

በወሩ ፕላኑ ሲለጠፍ፣ ግራና ቀኙ አምስት አምስት ሜትር ታጥፎ ነበር።

በእርስዎ አልቀናም፤ የተማረ ሰው መመስገኑ ተገቢ ነው። እኔ የቀናሁት በወንዙ ነው። ሶር ስንት ነገር አለው! ፏፏቴ አለው፣ ጎብኚ አለው፣ ፎቶ አንሺ አለው። የልብስ ሰፊን አንድ ዓረፍተ ነገር ወስዶ ምን ያደርግለታል?

2ኛ. ስለ ኡካና ስለ ኖፓ አመሰግናለሁ።

የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ለማድረስ ኡካ ድረስ ሄጄ ነበር። እውነቱን ልናገር፤ ጉድለት ለመፈለግ ሜትሬን ይዤ ነው የሄድኩት። አምስቱ ሜትር አምስት ሜትር ሆኖ አገኘሁት። ሣር በቅሎበታል፣ የጎርፍ ቦዩ አልተደፈነም፣ ልጆች ከትምህርት ሲወጡ መኪና ሳይፈሩ በጎን ይሄዳሉ። ሁለት ጊዜ ለካሁት። ሁለተኛው ጊዜ ሰዉ ስላየኝ የወደቀ ነገር የምፈልግ መሰልኩ።

ኖፓ ላይ ደግሞ ገበያተኛው በዚያው ባዶ መሬት ላይ በተተከለው ዛፍ ጥላ አረፍ ብሎ አየሁ። አጠገቤ ለነበሩ አንድ አዛውንት፣ እንዲሁ እንደማላውቅ ሆኜ፣ «ይህን ቦታ እንዲህ ያሰበው ማን ይሆን?» አልኳቸው። ጥሩ ጥያቄ ነበር፤ መልሱ ነው የተበላሸው። «ነመራ ነዋ! የጉቱ ልጅ!» ብለው ከእግር እስከ ራሴ አዩኝና፣ «ኦቦ፣ ለመሆኑ አገርዎ የት ነው?» አሉኝ። ሥልሳ ሦስት ዓመት ኢሉባቦር ኖሬ አገሬን የተጠየቅሁት ያን ቀን ነው። ስመለስ በመኪናው መስኮት ያየሁት ሣር ሁሉ ሐሳቤ በሰው ስም የበቀለ መሰለኝ።

ዳሪሙ ላይ እንኳ፣ መኪና በጣት በሚቆጠርበት አገር፣ አምስቱን ሜትር አልረሱትም። ሰዎቹ «መኪናው ሳይመጣ ዳሩን ምን አቸኮለው?» ብለው ይስቁ ነበር አሉ። ይህን ስሰማ ግን እኔ አልሳቅሁም። ልጁ ሳያድግ ማጠፍ ማለት ይኸው ነው። ከእኔ ይልቅ ለሐሳቤ ታማኝ ነበሩ፤ ይህንንም ይቅር ለማለት እየሞከርኩ ነው።

3ኛ. ስለ ትዕግሥትዎ አመሰግናለሁ፤ ራሴንም እከስሳለሁ።

በመቱ ገበያ መጠባበቂያው የት ሄደ ብለው የሚጠይቁ አሉ። የት እንደሄደ እኔ አውቃለሁ፤ እላዩ ላይ ተቀምጫለሁ።

መጠባበቂያ በእኛ አገር በአንድ ቀን አይያዝም፤ እሱ ነውር ነው። መጀመሪያ አግዳሚ ወንበር ይወጣል፤ እንግዳ ይረፍበት ተብሎ ነውና ማንም አይናገርም። ቀጥሎ እንግዳውን ፀሐይ እንዳይመታው ሸራ ይዘረጋል። ሸራው በዝናብ ስለሚጎብጥ አራት አጣና ይቆማል። አጣና ካለ ቆርቆሮ ቢጨመርበት ለአጣናው ጥንካሬ ነው። ቆርቆሮ ካለ ነፋስ በጎን እንዳይገባ ግድግዳ ያስፈልገዋል፤ በር የሌለው ግድግዳ ደግሞ ሰው ያስቃል። በሩ ሲገጠም ቁልፉን የሚይዘው ባለቤቱ ነው፤ እንግዳው ግን እስከ ዛሬ ቆሟል።

እኔ አግዳሚውን ያወጣሁት በ2004 ነው። ውስጡ ጨለማ ስለሆነ ክር በመርፌ ለመሰካት ብርሃን ፈልጌ ነው ብዬ ነበር፤ መርፌው በደንብ ተሰካ። በ2007 በር ገጠምኩ። መስቱራም የክርና የቁልፍ መሸጫዋን እዚያ ዘረጋች። ጎረቤቶቼ በሜትር የማውቅ ሰው መሆኔን ስለሚያውቁ፣ «ጋሼ ሙከሚል ካወጣ ማውጣት ይቻላል ማለት ነው» ብለው በሦስት ዓመት ውስጥ ረድፉ በሙሉ ተከተለኝ። የኡካ ሰው ሐሳቤን ጠበቀው፤ የሐሳቡ ባለቤት ነኝ ባዩ ግን ቆርቆሮ አለበሰው። ክቡርነትዎ በዚያ ሲያልፉ አይተው ሰላምታ ብቻ ሰጥተውኝ ያልፉ ነበር። ያኔ ትሕትና መስሎኝ ነበር። አሁን ግን «ተወው፣ አንድ ቀን ራሱ ይለካዋል» ብለው ይሆን እላለሁ።

4ኛ. ስለ ሁለቱ ወረቀቶች።

ማክሰኞ ስለ ወረቀቶቹ ከመስቱራ ጋር ተማከርን። እኔ ምስክርነቱን እጽፋለሁ አልኩ። ይህች ሴት በሠላሳ አራት ዓመት ትዳራችን ድምፅዋን ከፍ ያደረገችብኝ ሦስት ጊዜ ነው፤ አራተኛው ይኸው ሆነ። «ስምህ ቆርቆሮ ነው እንዴ? ሐምሌ ሲመጣ ገዢውን ስምህ ሥር ልናስጠልል ነው? ፈርምና ቦታውን እንውሰድ! ያልፈረመ ጎረቤት የለም!» አለች። እውነቷን ነው፤ ያልፈረመ የለም። ረድፉ ሁሉ በአንድ ሳምንት የማያውቅ ሰው ሆኗል።

እኔም ብዕር አነሳሁ፤ «ባለማወቅ» የሚለው ቃል አጠገብ ስደርስ መልሼ አስቀመጥኩት። ከጽድቅ አይምሰልዎ። ሌላ ውሸት ቢሆን እፈርም ነበር፤ ለደንበኛ «ለረቡዕ ይደርሳል» እያልኩ አርባ ዓመት የኖርኩ ሰው ነኝ። ነገር ግን በሕይወቴ አንዲት ከእኔ የምትበልጥ ነገር አስቤ፣ እሷኑ አላውቃትም ብዬ መፈረም አልቻልኩም። ሱቁ ቢሄድ በውስጠኛው ክፍል አንድ የስፌት መኪና ይበቃኛል። ሐሳቡ ከሄደ ግን እኔ ሱሪ ያሳጠረ ሰው ብቻ ነኝ።

ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ በዚህ ግልጽ ደብዳቤ፣ በመላው የመቱ ሕዝብ ፊት፣ አውቅ ነበር እላለሁ። ከማንም በፊት አውቅ ነበር። እያወቅሁ አጣና ተከልኩ፣ እያወቅሁ በር ገጠምኩ። ምትክ ቦታ አይገባኝም። በመጽሔቱ ውስጥ ግን አንድ መስመር ይገባኛል።

እስከዚህ ጽፌ፣ ሳልልከው ለመስቱራ አነበብኩላት፤ ይቅርታዋን ለማግኘት ነበር። እሷ ሸሚዝ ላይ ቁልፍ እየተከለች ሰማችኝ። ስጨርስ ክሩን በጥርሷ በጠሰችና፣ «ያቺን የተማሪ ሱሪ ማን አጠፋት?» አለችኝ።

«የቷን?» አልኳት።

«ለነመራ ያሳየኸውን። አንተ ልትቆርጠው መቀስ አንስተህ አልነበረም? ልጁ ያድጋል፣ ጨርቁ አያድግም፣ ተው ብዬ ከእጅህ የቀማሁህ እኔ አይደለሁም?»

ክቡር ሆይ፣ ያቺን ዓረፍተ ነገር አስራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በራሴ ድምፅ ነበር የምሰማት። ያን ጊዜ ግን ቀስ ብዬ ሳዳምጣት የመስቱራ ድምፅ ነበረች። መቀሱንም አስታወስኩት። ትልቁ መቀስ ነበር።

«ለምን እስከ ዛሬ ዝም አልሽ?» ብላት፣ «አንተ ሬዲዮ ላይ አልወጣህ! ሰፈር ውስጥ ብታወራው ምን ይጎዳኛል ብዬ ነው። አሁን መጽሔት ላይ ሊወጣ ነው እያልከኝ ነው» አለች። ከዚያም መርፌዋን ደረቷ ላይ ሰክታ፣ «እንግዲህ ከጻፍክ ስሜን ጻፍ፤ የአባቴንም ስም ጨምር፤ ሰይፈዲን በል» አለችኝ። ስለ ቆርቆሮው ምን ይሁን ብዬ ብጠይቃት፣ «ድሮም ያፈሳል» አለች። ወንበር ላይ ወጥታ የመጀመሪያውን ሚስማር የነቀለችውም እሷ ናት።

በመሆኑም ከላይ በተራ ቁጥር አንድ የጻፍኩት እንዳለ ሆኖ እንዲታረም፣ በመጽሔቱም ላይ እንዲህ ተብሎ እንዲወጣ በትሕትና እጠይቃለሁ፦ «ሐሳቡ የወይዘሮ መስቱራ ሰይፈዲን፣ ወሬው የአቶ ሙከሚል ታጁዲን፣ ፕላኑ የኢንጂነር ነመራ ጉቱ።» ቦታ ከጠበበ ከሦስቱ መካከለኛው ሊቀር ይችላል። ይህን ስጽፍ ምን እንደተሰማኝ አይጠይቁኝ።

ለአስራ ዘጠኝ ዓመት በእርስዎ ቀናሁ፤ እርስዎም ደግነትዎ ሆኖ ሩቅ ነበሩ። ከእንግዲህ የምቀናባት ሰው አንድ ክንድ ራቅ ብላ፣ በዚያች ጠባብ ክፍል፣ ከእኔ መኪና ፊት ለፊት ተቀምጣ ቁልፍ ትተክላለች፤ ያውም እያንጎራጎረች።

ክቡርነትዎ ወደ አዲሱ ሹመትዎ ሲሄዱ መንገዱ ሰፊ፣ አቀባበሉ የሞቀ፣ በየደረሱበትም ሱሪዎን የሚጠቅም ጨዋ ሰው የማያጡ እንዲሆን እየተመኘሁ፣ ለከተሞቻችን ስለሠሩት ሥራ ከልቤ አመሰግናለሁ። ይህችኛዋ ምስጋና እውነተኛ ናት፤ ከሌሎቹ ጋር እንዳትቀላቀልብዎ ለብቻዋ አስቀምጫታለሁ።

ከማይነጥፍ አክብሮትና ከማይነጥፍ ቅናት ጋር፣
ሙከሚል ታጁዲን
ልብስ ሰፊ፣ የመስቱራ ባል

ግልባጭ፦
ለዱሬቲ (ወረቀት አመላላሽ ነኝ ብላለችና ይህንንም ታድርስልን)
ባለማወቅ ለፈረሙ ጎረቤቶቼ በሙሉ (እንዲያውቁት)
ለሶር ወንዝ

ማስታወሻ፦ ቆርቆሮው ከወረደ በኋላ እጄ ሥራ ፈትቶ ነበርና፣ በሶር መውጫ ያለውን የክቡርነትዎን ቤት አጥር በሜትሬ ለካሁት። ወደ መጠባበቂያው አንድ ሜትር ከአሥር ገብቷል። ቀይ ምልክት አላየሁበትም፤ ቀለሙ እኛ ዘንድ ያለቀ መሰለኝ። እኔ ሳልፈርምበት የቀረ ፎርም ስለተረፈኝ በበርዎ ሥር አሾልኬ አስገብቼልዎታለሁ፤ እስከ ዓርብ ነው፤ «ባለማወቅ» ከሚለው ቃል አጠገብ ይፈርሙ።